ቫይረስ ጂን ተሸክሞ ሲገባ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ትንሽ መድኃኒት ቤት ነው። ሰሞኑን ሰው ማዘዣውን ከሰጠኝ በኋላ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ያሳየኛል። ማየት ይቸግረው የነበረ ልጅ ኳስ ሲከተል፣ አንገቷ የማይጸና የነበረች ሕፃን ቆማ ስትሄድ። ከሥሩ “በቫይረስ ዳነች” የሚል ጽሑፍ አለ። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። ለእያንዳንዱ ቆሜ ሳስረዳ ወረፋው ደጅ ስለሚደርስ የሚበዙትን እዚህ ጽፌያቸዋለሁ። ዓመቶቹን “በእኛ አቆጣጠር” ካላልኩ በስተቀር በፈረንጆች አቆጣጠር አንብቧቸው።

ቫይረስ እኮ በሽታ ነው። እንዴት መድኃኒት ይሆናል?

ቫይረስ ብቻውን ሲሆን ምንም አያደርግም። አይበላም፣ አይተነፍስም፣ ራሱን ችሎ አይራባም። አንድ ነገር ግን በደንብ ይችልበታል። ሴል ውስጥ ይገባና የራሱን ጂን እዚያ ይጥላል። ሴሉም የገባበትን ጂን እንደ ራሱ ትእዛዝ አንብቦ ይሠራዋል። የምንታመመውም በዚሁ መንገድ ነው።

ሳይንቲስቶቹ የፈለጉት ይህን ችሎታ ነው። ነገሩ የነቀዘውን እህል ከጆንያው ገልብጦ ንጹሑን እንደመሙላት ነው። ጆንያው ያው ነው፤ የሚሸከመው ግን ተቀየረ። የቫይረሱ ዛጎል ይቀራል፤ የሚያራቡትና በሽታ የሚያመጡት ጂኖቹ ይወጣሉ፤ በምትካቸው ለታማሚው የጎደለው ጂን ይገባል። እንዲህ የተዘጋጀውን ቫይረስ ቬክተር ይሉታል፤ የጎደለውን ጂን በዚህ መንገድ መተካቱን ደግሞ የጂን ሕክምና። ከዚህ በታች ቬክተር ስል ይህንን ማለቴ ነው።

ሰውነቴ ውስጥ ገብቶ ቢራባብኝስ?

ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነው፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም። የአመራረቱን መንገድ ሳውቅ ግን እኔ ራሴ ተረጋግቻለሁ።

ቬክተሩ የሚመረተው በላቦራቶሪ ውስጥ በሚያድጉ ሴሎች ነው። ለእነዚህ ሴሎች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የተለያዩ የዲኤንኤ ቀለበቶች ይሰጧቸዋል። አንደኛው የሚጓጓዘውን ጂን ይይዛል። ሁለተኛው ዛጎሉ የሚሠራበትን መመሪያ ይይዛል። ሦስተኛው ላይ ሥራውን የሚያግዙ ሌሎች ጂኖች አሉ። ወደ ዛጎሉ ለመግባት የሚያስፈልገው ምልክት ያለው ግን በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛጎሉ ውስጥ የሚገባው እሱ ብቻ ይሆናል። ሌሎቹ ሁለቱ እዚያው ይቀራሉ። ቬክተሩ የታማሚው ሴል ውስጥ ሲገባ ጂኑን ያስረክባል፤ ሁለተኛ ቫይረስ የሚሠራበት መመሪያ ግን በእጁ የለም። በዚህም አይተማመኑም። ምርቱ ከመውጣቱ በፊት ራሱን የሚያራባ ቫይረስ እንዳልተቀላቀለበት ይመረመራል።

እንዲህ ያለ ነገር እኔ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ያውቃል?

የኮሮና ክትባት ወስደው ከሆነ፣ ምናልባት አዎ። ይህን ስናገር የሚደነግጥ ሰው አለ፤ ግን መደበቅ አያስፈልግም።

እኛ አገር ክትባቱ የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2013 ነው። ማስጀመሪያው የተደረገውም በከተማው ምሥራቃዊ ዳር፣ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነበር። ያኔ የተሰጠው አስትራዜኔካ ነው። አስትራዜኔካ ውስጥ ያለው የቺምፓንዚ አዴኖቫይረስ ነው። አዴኖቫይረሶች በሰው ላይ ጉንፋን መሰል ሕመም የሚያመጡ ቤተሰቦች ናቸው። ይህኛው እንዳይራባ ጂኑ ተቆርጦ ወጥቶለታል፤ በምትኩ የኮሮናን እሾህ የሚሠራ ጂን ይዟል። በአንድ መርፌ ውስጥ ወደ 50 ቢሊዮን የሚጠጉ ቅንጣቶች አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጥ የነበረው ጆንሰንም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። እሱ የተጠቀመው የሰውን አዴኖቫይረስ ዓይነት 26 ነው። ሲኖፋርም የወሰደ ሰው የተወጋው ግን የተገደለ ሙሉ ቫይረስ ነው። ፋይዘር ውስጥ ጭራሽ ቫይረስ የለም፤ መልእክቱን የሚሸከሙት ጥቃቅን የስብ ጠብታዎች ናቸው።

“ለምን የቺምፓንዚ?” የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይከተላል። መልሱ እኛንም ይመለከታል። በጣም የተለመደው የሰው አዴኖቫይረስ ዓይነት 5 ነው። አፍሪካ ውስጥ አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ስለሚያገኘው ሰውነቱ ያውቀዋል። የሚያውቀውን ቫይረስ ደግሞ ሥራውን ሳይሠራ ያጠፋዋል። ስለዚህ ሰው ያልለመደው ቫይረስ ተፈለገ።

ክትባቱ የጂን ሕክምና አልነበረም። የጎደለ ጂን አልተካም፤ መልእክቱን ለጥቂት ጊዜ አሳይቶ ጠፋ። በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ ያልተለመደ የደም መርጋት ማስከተሉም ታውቋል። ተሸካሚው ግን ያው ነው።

ለሕክምናው የሚውሉት የትኞቹ ቫይረሶች ናቸው?

ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳው ሦስት ናቸው። አዴኖቫይረሱን አይተነዋል። ትልቅ ነው፣ ብዙ ይሸከማል፣ ግን የሰውነትን መከላከያ በኃይል ይቀሰቅሳል። ለክትባት ይህ ጥሩ ነው። ጎደሎ ጂን ለመተካት ግን ጣጣ ነው።

ሁለተኛው ኤኤቪ ይባላል። ይህን ቫይረስ በ1965 ያገኙት ሳይፈልጉት፣ በአዴኖቫይረስ ናሙና ውስጥ ተደባልቆ ነው። ብቻውን መራባት አይችልም፤ ሌላ ቫይረስ እንዲያግዘው ይፈልጋል። ሰው ላይ በሽታ እንደሚያመጣ አይታወቅም። ስፋቱ 25 ናኖሜትር ገደማ ነው። የተለያዩ ዓይነቶች አሉት፤ ምርጫቸውም ይለያያል። ዓይነት 9 ወደ ነርቭ ሴሎች ይደርሳል፣ ዓይነት 5 ለጉበት ይመረጣል፣ ዓይነት 2 ዓይን ውስጥ ጥሩ ይሠራል።

የኤኤቪ ችግር ጆንያው ትንሽ መሆኑ ነው። የሚይዘው 4,700 ያህል የዲኤንኤ ፊደል ብቻ ነው። ትንሽ ጂን ለጎደለው ሰው ይህ ይበቃል። ኤስኤምኤ ለሚባለው የሕፃናት የነርቭና የጡንቻ ድክመት የሚያስፈልገው መመሪያ ወደ 900 ፊደል ነው፤ ሰተት ብሎ ይገባል። ዱሼን በሚባለው የወንዶች ልጆች የጡንቻ መመንመን ላይ የጎደለው ግን ከ11,000 ፊደል በላይ ነው። አይገባም። ስለዚህ አሳጥረው፣ ዋና ዋናውን ብቻ መርጠው ያስገቡታል። የተቆራረጠ መመሪያ እንደ ሙሉው አይሠራም። በዱሼን ላይ የተገኘው ውጤት አከራካሪ የሆነው በከፊል ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ሌንቲቫይረስ ነው። ይኼኛው ጂኑን የሴሉ ክሮሞሶም ውስጥ ሰፍቶ ያስቀምጣል። ሴሉ ሲከፈል ጂኑም አብሮ ይባዛል። ለደምና ለመቅኔ ሴሎች የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌንቲቫይረሱ ከኤችአይቪ የተሠራ ነው ሲሉ ሰማሁ። ኤችአይቪ ሊይዘኝ ነው?

የተሠራው ከኤችአይቪ መሆኑ እውነት ነው። አይይዝዎትም።

ኤችአይቪ 9 ጂኖች አሉት። በቬክተሩ ውስጥ የሚሠራ አንዱም አይገባም። ለምርት የግድ የሚያስፈልጉት ጥቂቶቹ በተለያዩ ቀለበቶች ተበታትነው ላቦራቶሪ ይቀራሉ። ከዚህ በላይ፣ ቬክተሩ ጂኑን ከሰፋ በኋላ ዳግም እንዳይነሳ ጫፉ ላይ ያለው ማስነሻ ተቆርጦለታል። ብዙ ጊዜም ወደ ሰው በቀጥታ አይወጋም። የታማሚው ሴሎች ይወጣሉ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ከቬክተሩ ጋር ይገናኛሉ፣ ከዚያ ይመለሳሉ።

ግን አንድ የሚገርም ነገር አለ። በሌንቲቫይረስ የታከመ ሰው ደሙ ውስጥ የቫይረሱን ዘር የሚፈልግ የኤችአይቪ ምርመራ ሲደረግለት ውጤቱ በስህተት ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። የቫይረሱ ቁርጥራጭ ፊደላት በታከሙት ሴሎች ውስጥ ስላሉ ነው። የመድኃኒቶቹ ማብራሪያ ላይም ተጽፏል። ውጭ ታክሞ የመጣ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ይወቅ። ለቪዛ ወይም ለጋብቻ ሲመረመር ነገሩ ሳይታወቅ ቤት ሊያምስ ይችላል።

የትኛውን በሽታ ይፈውሳል? ስኳር? ደም ግፊት?

ስኳርም ደም ግፊትም የሉበትም። ሕክምናው በአብዛኛው የሚሠራው አንድ የታወቀ ጂን ተበላሽቶ በሚመጣ በሽታ ላይ ነው። ለእነዚህ ነገሮች ተፈቅዷል ብለን እንጀምር።

ኤስኤምኤ። ዞልገንስማ የሚባለው መድኃኒት በ2019 አሜሪካ ውስጥ ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ተፈቀደ። አንድ ጊዜ በደም ሥር ይንጠባጠባል፤ በቃ። የበሽታው ከባድ ዓይነት ሳይታከም ከቀረ አብዛኞቹ ሕፃናት 2 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ ወይም ያለ መተንፈሻ መሣሪያ መኖር ያቅታቸዋል። እዚያ ቪዲዮ ላይ ያያችኋት ሕፃን ምናልባት የዚህ ታካሚ ናት።

ሄሞፊሊያ፣ ማለትም ደም አልረጋ የሚልበት በሽታ። ሄምጀኒክስ በ2022 ለሄሞፊሊያ ቢ፣ ለአዋቂዎች ተፈቅዷል።

ሲክል ሴል፣ ማለትም ቀይ የደም ሴል የማጭድ ቅርጽ የሚይዝበት በሽታ። ሊፍጀኒያ በሌንቲቫይረስ ይሠራል፤ በታኅሣሥ 2023 ተፈቀደ። በዚያው ቀን የተፈቀደው ካስጀቪ ግን ቫይረስ አይጠቀምም። ካስጀቪ ክሪስፐር በሚባለው የጂን መቁረጫ የተሠራ ነው፤ ሰዎች ሁለቱን ያምታቷቸዋል።

አንዳንድ የደም ካንሰሮች። የታማሚው ነጭ የደም ሴል ይወጣል፤ በሌንቲቫይረስ አማካይነት ካንሰሩን የሚለይበት ጂን ይሰጠዋል፤ ተመልሶ ይገባል። በ2012 ፊላደልፊያ ውስጥ በዚህ መንገድ የታከመች የ6 ዓመት ልጅ ከደም ካንሰር ነጻ ሆና አድጋለች። መድኃኒቱ ኪምራያ ተብሎ በ2017 ተፈቀደ።

አያቴ ዓይናቸው ጠፍቷል። ያ የዓይኑ መድኃኒት ይሠራላቸዋል?

አይሠራም ለማለት እችላለሁ፤ አያትዎን ሳላያቸው እንኳ።

ለክስተርና የሚባለው የዓይኑ መድኃኒት የተፈቀደው በታኅሣሥ 2017 ነው። አርፒኢ65 የሚባለው ጂን ከእናትም ከአባትም በኩል ተበላሽቶ ለተወለዱ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ብርሃን እየጨለመባቸው ለሚሄድ ሰዎች ነው። ያውም ሬቲናቸው (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ጀርባ) ላይ በሕይወት ያሉ ሴሎች ከቀሩ።

እኛ አገር ሰው የሚታወርበት ዋናው ምክንያት የዓይን ሞራ ነው። ትራኮማም አለ። ግላኮማም አለ። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ቀን ወደ ቤት ይገባሉ። ስለዚህ አያትን ይዘው ዓይን ሐኪም ጋ ይሂዱ። በቪዲዮ ምክንያት ቀዶ ሕክምናውን “ቆይ ቫይረሱ ይምጣ” እያለ ያዘገየ ሰው ገጥሞኝ በጣም ተናድጃለሁ። ግላኮማ ሲሆን ደግሞ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል።

ሰው ሞቶበት ያውቃል?

አዎ። ይህን የማይነግራችሁ ሰው ሊሸጥላችሁ ነው።

ታሪኩ ሲጀምር ጥሩ ነበር። በመስከረም 1990 አሜሪካ ውስጥ የሰውነት መከላከያዋ በጂን ጉድለት የተዳከመ የ4 ዓመት ልጅ ተሞከረላት፤ ደኅና ሆነች። ከዚያ ሁሉም ቸኮለ። በ1999 ጄሲ ጌልሲንገር የተባለ የ18 ዓመት ወጣት በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ በፈቃዱ ሙከራ ገባ። ያለበት የጉበት ኢንዛይም ጉድለት ነበር፤ በምግብና በመድኃኒት ተቆጣጥሮት ይኖር ነበር። ብዙ አዴኖቫይረስ ወደ ጉበቱ ተሰጠው። ሰውነቱ በኃይል ተቆጣ። በ4ኛው ቀን ሞተ። በኋላ በተደረገው ምርመራ የሙከራው ሕግ በትክክል እንዳልተጠበቀ ታወቀ። ዘርፉ ለዓመታት ቆመ ማለት ይቻላል።

በዚያው ሰሞን ፓሪስና ለንደን ውስጥ ያለ መከላከያ የተወለዱ ሕፃናት በሬትሮቫይረስ (እንደ ሌንቲቫይረስ ጂኑን ክሮሞሶም ውስጥ በሚሰፋ ቫይረስ) ታከሙ። አብዛኞቹ ዳኑ። ከዚያ ከ20ው ልጆች 5ቱ የደም ካንሰር ያዛቸው፤ አንዱ ሞተ። ቫይረሱ ጂኑን የሰፋው ካንሰር ሊቀሰቅስ ከሚችል ጂን አጠገብ ሆኖ ነበር። ከላይ ሌንቲቫይረስ ማስነሻው ተቆርጦለታል ያልኩት እንዲህ ያለውን አደጋም ለመቀነስ ይረዳል።

አሁንም ያለው ስጋት በአብዛኛው ከመጠን ጋር የተያያዘ ነው። ለአንድ ዓይን የሚሰጠው ለክስተርና 150 ቢሊዮን ቅንጣት ነው። ዞልገንስማ ግን ወደ መላ ሰውነት ስለሚሄድ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 110 ትሪሊዮን ይሰጣል። 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ላይ አስሉት። ይህ ሁሉ ጉበት ላይ ያልፋል። ስለዚህ ከመሰጠቱ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ቢያንስ ለ30 ቀን የሰውነትን ቁጣ የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን ይወሰዳል፤ የጉበት ምርመራም በተደጋጋሚ ይደረጋል። ይህ ሁሉ ተደርጎም በጉበት መድከም የሞቱ ሕፃናት አሉ። ከዚህ ውድ ሕክምና ውስጥ እኔ መደርደሪያ ላይ የሚገኘው ያቺ ርካሽ ፕሬድኒሶሎን ብቻ ናት።

አንዴ ካልሠራ ሁለተኛ መውሰድ ይቻላል?

ለጊዜው በኤኤቪ አይቻልም። ሰውነት ያንን ዛጎል አንዴ ካወቀው በኋላ ፀረ እንግዳ አካል ያመርትበታል። ሁለተኛው ዙር ገና ከመግባቱ ይመታል። አንዳንድ ሰው ደግሞ በተፈጥሮ ከዚያ ቫይረስ ጋር ቀድሞ ስለተገናኘ የመጀመሪያውንም መውሰድ አይችልም። ስለዚህ በቅድሚያ ደም ይመረመራል።

ሌላም ነገር አለ። ኤኤቪ ያመጣው ጂን በአብዛኛው ክሮሞሶም ውስጥ አይሰፋም፤ ለብቻው ይቀመጣል። የነርቭ ሴል ስለማይከፈል ችግር የለም። የልጅ ጉበት ግን ያድጋል፤ ሴሎቹ ሲባዙ ጂኑ እየሳሳ ይሄዳል። የጉበት ሕክምናዎቹ በአዋቂዎች የጀመሩበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

መደጋገም ለሚያስፈልጋቸው ሌላ መንገድ እየተሞከረ ነው። በ2025 ፊላደልፊያ ውስጥ ለአንድ ሕፃን ብቻ ተብሎ የተሠራ የጂን ማስተካከያ በስብ ጠብታ ተጭኖ ከአንድ ጊዜ በላይ ተሰጠው። ቫይረስ ስላልነበረበት መደገም ተቻለ።

የታከመ ሰው ለቤተሰቡ ያስተላልፋል? ለልጆቹስ?

ለልጆቹ አይተላለፍም። የሚታከሙት የሰውነት ሴሎች ናቸው እንጂ ዘር የሚያስተላልፉት አይደሉም። እንዲያውም ታክሞ የዳነ ሰው የተበላሸውን ጂን ለልጁ ሊያወርስ ይችላል።

ለቤተሰብ ደግሞ፦ ቬክተሩ ለጥቂት ሳምንታት በሰገራ ይወጣል። በሽታ አያመጣም፤ ቢሆንም የሕፃኑን ዳይፐር ለአንድ ወር ያህል በፕላስቲክ አስሮ መጣልና እጅ መታጠብ ይመከራል።

ከፈጣሪ ሥራ ጋር መጋፋት አይሆንም?

ይህን ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለኢማማችሁ እተወዋለሁ። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ጸበል ስትገቡ የጀመራችሁትን መድኃኒት አታቋርጡ።

ዶሮ አረባለሁ። ለዶሮም አለ አሉ፤ እውነት ነው?

እውነት ነው። ይህን የጠየቀኝ ከገላን በኩል የሚመጣ አርቢ ነው፤ ጥያቄው በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ከሰው በፊት የዶሮው ዘርፍ ቀድሞ ነበር ማለት ይቻላል። የቱርክ ዶሮ ኸርፐስ ቫይረስ አለ፤ ዶሮን አያሳምምም። እሱ ላይ የፈንግል ወይም የጉምቦሮ ቫይረስ አንድ ጂን ይጨመርና ለአንድ ቀን ጫጩት፣ ወይም ገና እንቁላል ውስጥ ላለ ፅንስ ይወጋል። አንድ መርፌ ከአንድ በላይ በሽታ ይከላከላል።

እናንተ በዓይን ጠብታ የምትሰጡት፣ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚያመርተው የፈንግል ክትባት ግን ይኼ አይደለም። እሱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። በርካሽ ይገኛል፣ በደንብ ይሠራል። በወቅቱ ስጡ።

ዋጋው ስንት ነው?

ቁጭ በሉ። የምጠራው ዋጋ መድኃኒቶቹ ገበያ ሲወጡ የነበረው ነው። ለክስተርና ለሁለት ዓይን 850,000 ዶላር። ዞልገንስማ 2.1 ሚሊዮን ዶላር። ሊፍጀኒያ 3.1 ሚሊዮን። ሄምጀኒክስ 3.5 ሚሊዮን። ኤምኤልዲ ለሚባለው የልጆች የነርቭ በሽታ በ2024 የተፈቀደው ሌንሜልዲ 4.25 ሚሊዮን።

ለምን? ማምረቱ ከባድ ነው፤ እያንዳንዱ ምርት ረጅም ፍተሻ አለው፤ በሽተኛውም ጥቂት ስለሆነ ወጪው የሚከፋፈለው በጥቂት ሰው ላይ ነው። ኩባንያዎቹ “ዕድሜ ልክ ከሚሰጥ መድኃኒት ይረክሳል” ይላሉ። ስሌቱ ለሀብታም አገር መድን ይሠራ ይሆናል። ለእኛ አይሠራም። ለነገሩ ለእነሱም ሁልጊዜ አልሠራም። አውሮፓ በ2012 የፈቀደችው፣ ግሊበራ የተባለው የጂን ሕክምና ወደ 1 ሚሊዮን ዩሮ ስለተጠየቀበት ገዢ አጥቶ በ2017 ከገበያ ወጣ። መድኃኒቱ ፈቃድ ነበረው። የሚከፍልለት ነው የጠፋው።

የዞልገንስማ አምራች በ2020 መድኃኒቱ ላልተፈቀደባቸው አገሮች እስከ 100 መርፌ በዕጣ በነጻ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ወላጆች የልጅ ሕይወት በዕጣ ይወጣል ወይ ብለው ተቆጡ። እኔም ከእነሱ ጋ ነኝ፤ ግን ዕጣው ለወጣለት ቤት ምን ማለት እንደሆነም ይገባኛል።

አንድ ሰው “ከዱባይ አስመጣልሃለሁ፣ ግማሹን ክፈል” አለኝ። ልመን?

አትመኑ። አንድ ሳንቲም አትስጡ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የጂን ሕክምና ክኒን የለውም፣ የሚጠጣ ሽሮፕ የለውም። ለክስተርና ከ65 ዲግሪ ከዜሮ በታች በረዶ ሆኖ ይቀመጣል፤ የሚሰጠውም በዓይን ቀዶ ሕክምና ነው። ዞልገንስማ በልጁ ክብደት ልክ ተዘጋጅቶ ይላካል፤ ሆስፒታል ከደረሰ በኋላም የሚቆየው ለ14 ቀን ነው። የሲክል ሴሉና የካንሰሩ ደግሞ ከታማሚው ከራሱ ሴል ይሠራሉ፤ ለሌላ ሰው አይሆኑም። ማንም በሻንጣ ይዞት የሚመጣው ነገር አይደለም። የጂን ምርመራ ውጤት ሳይጠይቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው አጭበርባሪ ነው።

11ኛ ክፍል ነኝ። ይህን ነገር ለመሥራት ምን ልማር?

ባዮሎጂና ኬሚስትሪን አጥብቀህ ያዝ፤ ሒሳቡንም አትጣል። ከዚያ ባዮቴክኖሎጂ አለ። ቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያስተምረዋል፤ ከኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ፋርማሲም መጥፎ አይደለም፤ ግን እዚህ መስኮት ላይ እንዳትቀር።

ልጃችን ሲገረዝ ደሙ አልቆም ብሎ ነበር። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ሊገናኝ ይችላል። ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ እኔ ግን ሁሉም ቢጠይቅ ደስ ይለኛል።

እኛ ጋ ወንድ ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል ይገረዛል። ሄሞፊሊያ ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚታወቀውም ያኔ ነው። ደሙ ለሰዓታት፣ አንዳንዴ ለቀናት ይንጠባጠባል። “የገራዡ እጅ ነው” ተብሎ ይታለፋል። ከዚያ ልጁ መዳህ ሲጀምር ጉልበቱ ያብጣል፤ ትንሽ ሲጋጭ ትልቅ ሰማያዊ ምልክት ይወጣበታል። በእናት በኩል ያለ አጎት እንዲህ ሆኖ ከነበረ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ምክንያቱም ጂኑ የሚመጣው በእናት በኩል ነው። ከሦስቱ በአንዱ ገደማ ግን በቤተሰቡ ውስጥ ከዚህ በፊት የታየ ሰው የለም።

ወደ ሆስፒታል ወስዳችሁ የደም መርጋት ምርመራ አስደርጉለት። ለምን እንደመጣችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ “ሲገረዝ ደሙ አልቆመም” ብላችሁ። የጎደለው ደም የሚያረጋ ፕሮቲን ቁጥር 8 ይሁን ቁጥር 9 መለየት አለበት። የጂን ሕክምናው ለልጅ ገና አልተፈቀደም፤ በሽታው ታውቆ ሲያዝ ግን ልጁ ደኅና ሆኖ ማደግ ይችላል። የተረጋገጠ ስም የሌለው በሽታ የትኛውም አዲስ መድኃኒት አይደርሰውም።

ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ለሕመም ከኔም ሆነ ከሌላ መድኃኒት ቤት አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትግዙለት፤ ደሙን የበለጠ ያፈሱታል። ፓራሲታሞል በዕድሜውና በክብደቱ ልክ ይበቃዋል። ታፋው ላይ መርፌ ሊወጉት ሲሉም ገና ከመጀመሪያው ንገሯቸው። ሌላ ወንድ ልጅ ከተወለደ ሳይመረመር እንዳይገረዝ። ለአክስቶቹም ንገሯቸው።